ባንከር ውስጥ አሸዋ መንካት፦ የቱ ያስቀጣል፣ የቱ አያስቀጣም?

ጎልፍ ተጫዋቾች በተሰበሰቡበት "ባንከር (ጎልፍ ሜዳ ላይ ያለ የአሸዋ ቦታ) ውስጥ አሸዋ መንካት ይፈቀዳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ "በጭራሽ!" ይላችኋል። ሌላው "ያ ድሮ ቀረ፣ አሁን እንደልብ ነው" ይላል። ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ናቸው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ደንቡ ጥብቅ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኳሷን ከመምታታችሁ በፊት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አሸዋውን በእጅም ሆነ በዱላ መንካት ያስቀጣ ነበር። ኳሷ አጠገብ የወደቀ ደረቅ ቅጠል ማንሳት እንኳ ክልክል ነበር። በ2019 የጎልፍን ደንብ በጋራ የሚያወጡት አር ኤንድ ኤ እና ዩኤስጂኤ ደንቡን ከላይ እስከ ታች ሲከልሱት የባንከሩም ጉዳይ ላላ። አሁን የሚገኘው ደንብ 12 ውስጥ ነው። ላላ እንጂ አልጠፋም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚች ጋ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ደንቡ የሚጠላው መንካቱን ሳይሆን ከመንካቱ የሚገኘውን ጥቅም ነው። አሸዋው ጠጣር ነው ልል? እርጥብ ነው ደረቅ? ከሥሩ ቶሎ ድንጋይ ይገኛል ወይስ ጥልቅ ነው? የባንከር ፈተናው ይህን ሳታውቁ መምታታችሁ ነው። በዓይናችሁ የምታዩት የእናንተ ነው። ስትቆሙ እግራችሁ ሥር የሚሰማችሁም የእናንተ ነው። ከዚያ ያለፈውን ዳብሶ ማወቅ ግን አይፈቀድም። ይህን ከያዛችሁ የደንቡን አንቀጽ ባታስታውሱም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ትሆናላችሁ።

ደረጃ 1፦ ኳሷ እውነት ባንከር ውስጥ ናት?

ቀልድ አይደለም። ብዙ ቅጣት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ባንከር ማለት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የአሸዋ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሣሩና አፈሩ ተነሥቶ ቦታው ይጎደጉድና አሸዋ ይሞላበታል። ደንቡ የሚያወራው ስለ አሸዋው እንጂ ስለ ጉድጓዱ በሙሉ አይደለም። ጠርዙ ላይ ያለው ሣር፣ ከሣር ንጣፍ ተደራርቦ የተሠራው ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ የበቀለ ሣር ወይም ቁጥቋጦ የባንከሩ አካል አይደሉም። ከጠርዙ ውጪ የተበተነ አሸዋም ባንከር አይደለም።

ስለዚህ ኳሷ ባንከሩ መሐል ባለች የሣር ደሴት ላይ ከቆመችና አሸዋ ካልነካች፣ ባንከር ውስጥ አይደለችም። ዱላችሁን ከኋላዋ መሬት ላይ ማሳረፍ ትችላላችሁ። በሌላ በኩል ግማሽ ጎኗ ሣር ላይ ሆኖ በሌላው ጎኗ አሸዋውን ከነካች ባንከር ውስጥ ናት። ዝናብ ወይም ነፋስ አሸዋውን ጠርጎ ባዶ አፈር ቢያስቀርም፣ ቦታው በወትሮው አሸዋ የሚኖርበት ከሆነ ያው ባንከር ነው። አሸዋ ላይ የወደቀ ቅጠል ላይ ጉብ ያለች ኳስም እንደዚያው።

አንድ ደስ የሚል ጉዳይ አለ። ኳሷ ከጠርዙ ውጪ ሣር ላይ ናት፤ እናንተ ግን ለመምታት እግራችሁን ባንከሩ ውስጥ ማድረግ ግድ ሆነባችሁ እንበል። አሸዋ መንካትን የሚመለከቱት ክልከላዎች የሚሠሩት ኳሷ ባንከር ውስጥ ስትሆን ብቻ ነው። እግራችሁ ያለበት ቦታ አይቆጠርም። አሸዋውን በዱላ ብትነኩትም በዚህ ደንብ አትቀጡም። ነገር ግን የምትቆሙበትን ቦታ ደልድላችሁ ለራሳችሁ ምት ማመቻቸት በሌላ ደንብ ያስቀጣል።

ሰፋፊ አሸዋማ ሜዳዎችስ? አንዳንድ ሜዳ ላይ እንደ በረሃ የተዘረጋ፣ ማንም በሬክ (አሸዋ በሚደለደልበት ጥርሳም መሣሪያ) የማያስተካክለው አሸዋ አለ። ይህ በመደበኛው ደንብ ባንከር አይደለም። ዱላ ማሳረፍም፣ ለሙከራ ሲያወዛውዙ አሸዋውን መንካትም ይቻላል። ችግሩ ባንከሩና እንዲህ ያለው ሜዳ በዓይን የሚለዩ አለመሆናቸው ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ኮሚቴም የራሱን የሜዳ ደንብ ሊያወጣ ይችላል።

አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ደስቲን ጆንሰን ይህን በውድ ዋጋ ተምሮታል። በ2010 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በሚገኘው ዊስሊንግ ስትሬትስ፣ በመጨረሻው ቀን 18ኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። ኳሱ ሕዝብ ሲረግጠው በዋለ አሸዋማ ቦታ ላይ አረፈች። ባንከር ነው ብሎ አላሰበም፤ ዱላውን አሸዋው ላይ አሳረፈ። ለተጫዋቾች በተለጠፈው የሜዳ ደንብ ላይ ግን በተመልካች ቢረገጥም ባይረገጥም ሁሉም ባንከር እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ሁለት ምት ተቀጣና (ማለትም ውጤቱ ላይ ሁለት ምት ተጨመረበትና) ለመለያው ጨዋታ ሳይደርስ ቀረ። ዋንጫውን ማርቲን ካይመር ባባ ዋትሰንን አሸንፎ ወሰደ።

ተቃራኒውም አለ። የ2021 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ኪያዋ ደሴት ላይ ሲደረግ አዘጋጆቹ አሸዋውን በሙሉ እንደ ተራ ሜዳ እንዲቆጠር ወሰኑ። ፊል ሚክልሰን በ50 ዓመቱ ባሸነፈበት በዚያ ሳምንት ባንከር የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ያው አሸዋ በአንዱ ውድድር ያስቀጣል፣ በሌላው አያስቀጣም። ስለዚህ ውድድር ከሆነ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 2፦ ከመግባታችሁ በፊት ውጪ ሆናችሁ ተለማመዱ

ይህ ደንብ ሳይሆን የእኔ ምክር ነው። ለሙከራ ዱላ ማወዛወዝ የሚያምራችሁ ከሆነ ጠርዙ ውጪ ሣሩ ላይ ጨርሱት። እዚያ ሣሩን ብትነኩት ማንም አይናገራችሁም። ባንከሩ ውስጥ ገብቶ በአየር ላይ ማወዛወዝ የተፈቀደ ነው፤ ዱላው አሸዋውን ለቅጽበት ነካ ካደረገ ግን ሁለት ምት ሄደ። ለምን ራስን ማጋለጥ?

ስትገቡ ሁለት ሦስት ዱላ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። የማትፈልጉትን አሸዋው ላይ አስቀምጡት ወይም ጣሉት፣ ችግር የለውም። ሬኩንም ይዛችሁ ግቡ። የሚገባው ዝቅ ባለው በኩል ነው። ከገደሉ በኩል መዝለል ጠርዙን ይንደዋል፤ በኋላ የምትደለድሉትንም አሻራ ያበዛባችኋል።

ደረጃ 3፦ ኳሷ ካልታየች

አንዳንዴ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ትቀበራለች። መፈለግ ይፈቀዳል፤ አሸዋውን በእጅ፣ በዱላ ወይም በሬክ መግፋትም ይቻላል። ጊዜው ሦስት ደቂቃ ነው። ስትፈልጉ ሳታስቡት ኳሷን ብታንቀሳቅሷት ቅጣት የለም፤ ወደ ቦታዋ ትመልሷታላችሁ።

ልብ በሉ፦ አግኝታችሁ ስታበቁ አሸዋውን እንደነበረ መመለስ አለባችሁ። ተቀብራ ከነበረ ትቀበራለች። ደንቡ አንዲት ቸርነት ብቻ አድርጓል። መልሳችሁ ስትሸፍኗት ጥቂት ክፍሏ እንዲታይ መተው ትችላላችሁ። ፈልጌ ስላገኘኋት ተገላልጣ ትቅር ማለት ግን አይቻልም።

የእናንተ መሆኗን ካላወቃችሁ ቦታዋን ምልክት አድርጋችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ለመለየት ከሚያስፈልገው በላይ አትጥረጓት። ከዚያ በነበረችበት ሁኔታ መልሷት።

ደረጃ 4፦ ቅጠልና ሬክ አንድ አይደሉም

ከ2019 ጀምሮ ባንከር ውስጥ ያለ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ጠጠር ማንሳት ይቻላል። ሬክ፣ የውኃ ጠርሙስ፣ ወረቀትም እንዲሁ። ስታነሱ አሸዋው ትንሽ ቢነካ ወይም ቢንቀሳቀስ ምንም አይደለም። "ትንሽ" የሚለው ቃል ግን ቁም ነገር ነው። አንዲት ቅጠል ለማንሳት ኳሷ ፊት ያለውን አሸዋ በመዳፍ ጠርጋችሁ የምትወስዱ ከሆነ ቅጠሏ ሰበብ ሆናለች ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት። ቅጠሉን ወይም ጠጠሩን ስታነሱ ኳሷ ከተንቀሳቀሰች አንድ ምት ትቀጣላችሁ፤ ኳሷም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሬኩን ስታነሱ ከተንቀሳቀሰች ግን ቅጣት የለም፤ መልሳችሁ ብቻ ትጫወታላችሁ። ለምን? ሬኩ ሰው ያመጣው ነገር ነው፤ ቅጠሉ የተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ኳሷን የተደገፈ ሬክ ካያችሁ በድፍረት አንሱት። ኳሷን የተደገፈ ጠጠር ካያችሁ ግን ሁለቴ አስቡ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ጠጠር ባለበት ትቼ መምታት እመርጣለሁ። ቁልቁለት ላይ ከሆነማ ጭራሽ አልነካውም።

ደረጃ 5፦ አራቱ ክልከላዎች

የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ኳሷ ባንከር ውስጥ ሳለች፣ ከመምታታችሁ በፊት፣ የሚከተሉትን ማድረግ አይቻልም።

አንደኛ፣ የአሸዋውን ሁኔታ ለማወቅ ብሎ ሆን ብሎ መንካት። እዚህ ላይ በምን እንደነካችሁት ለውጥ አያመጣም። እጅ፣ ዱላ፣ ሬክ፣ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ አሸዋ ዘግናችሁ በጣቶቻችሁ መሐል ብታፈሱት፣ የሬኩን እጀታ ወደ ውስጥ ሰክታችሁ ጥልቀቱን ብትለኩ፣ ያው ፈተና ነው። የሚለየው ሐሳባችሁ ነው። ካዲ (ዱላ የሚይዝላችሁ ረዳት) ካላችሁ የእሱም ድርጊት እናንተ ላይ ይቆጠራል። አሸዋውን በእግሩ ጫማ ጫር ጫር አድርጎ "ልል ነው" ቢላችሁ የሚቀጣው እሱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከኳሷ ልክ ፊት ወይም ልክ ኋላ ያለውን አሸዋ በዱላ መንካት። እዚህ ሐሳብ አይጠየቅም። ለማነጣጠር ዱላውን ለአፍታ አሳረፋችሁት? አለቀ። ሣር ላይ የለመደ እጅ ሳያስበው የሚሠራት ስሕተት ናት። ደስቲን ጆንሰንን ያስቀጣችውም እሷው ነች።

ሦስተኛ፣ ለሙከራ ስታወዛውዙ አሸዋውን በዱላ መንካት። የትኛውም ቦታ ይሁን፣ ከኳሷ ሁለት ሜትር ቢርቅም።

አራተኛ፣ ለመምታት ዱላውን ወደኋላ ስታነሱ አሸዋ መንካት። ይቺ ከሁሉም ስውር ናት። በደንቡ ምት የሚባለው ዱላው ወደፊት መምጣት ሲጀምር ያለው እንቅስቃሴ ነው። ወደኋላ የሚነሣው ገና ምት አይደለም። ስለዚህ ሲነሣ አሸዋ ቢነካ ያስቀጣል፤ ወደፊት ሲመጣ ግን አሸዋውን ቢያርሰውም ምቱ ራሱ ስለሆነ አያስቀጣም።

የአና ኖርድክቪስትን ታሪክ የማያውቅ የጎልፍ ወዳጅ ጥቂት ነው። በ2016 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን፣ ካሊፎርኒያ ኮርዴቫል ላይ፣ ከብሪታኒ ላንግ ጋር በሦስት ቀዳዳዎች የመለያ ጨዋታ ገጠሙ። በሁለተኛው ላይ ስዊድናዊቷ ኳሷን ከሜዳው ባንከር በ5 ቁጥር የብረት ዱላ መታቻት። ዱላው ወደኋላ ሲነሣ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣት ፈነጠቀ። ራሷም አላወቀችም። ዳኞቹ ያዩት በቅርበት ተጎልቶ በተቀረጸ ምስል ነው። ሦስተኛውን ቀዳዳ እየተጫወቱ ሳሉ የሁለት ምት ቅጣት ተነገራት፤ ዋንጫው የላንግ ሆነ።

ጉዳዩ ብዙ አነጋገረ። በሚቀጥለው ዓመት በ2017 ደንብ አውጪዎቹ ገደብ አበጁ፦ በተራ ዓይን ሊታይ የማይችል ነገር በቪዲዮ ቢገኝ ለቅጣት ማስረጃ አይሆንም። ዛሬም በደንብ 20 ውስጥ አለ። እናንተን ማንም በካሜራ ባይከታተላችሁም አንድ ቁም ነገር ከዚህ ውሰዱ። አደጋው ያለው ከግሪን (ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር) አጠገብ ባለው ባንከር ሳይሆን ራቅ ባለው፣ ረጅም ምት በሚመታበት ባንከር ላይ ነው። ረጅም ዱላ ስንይዝ መሬት ለመሬት ጎትተን ማንሳት ልማዳችን ነው። ከጀርባችሁ አሸዋው ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዱላውን ከአሸዋው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ዓይናችሁን ኳሷ ላይ ሳይሆን ዱላው ሊያርፍ በሚገባው የአሸዋ ነጥብ ላይ አድርጉ። ስታነሱ የእጅ አንጓችሁን ቀደም ብላችሁ እጠፉ፤ ዱላው ወደኋላ ሳይሆን ወደላይ ይነሣል። ኳሷ ከኋለኛው ጠርዝ ሥር ከተወሸቀች ዱላው ከኋላ የሚነካው ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ሣር ከሆነ ሣሩ ባንከር ስላልሆነ መንካቱ ብቻውን አያስቀጣም። አሸዋ ከሆነ ግን ያስቀጣል። የአንድ ጣት ስፋት ነው ልዩነቱ።

ደረጃ 6፦ ሰዎች የሚፈሩት ግን የማያስቀጣ

እግርን አሸዋው ውስጥ ወዘወዝ አድርጎ መትከል ይቻላል። ለሙከራም ለምትም። እንዲያውም አሸዋው ምን ዓይነት እንደሆነ በሕጋዊ መንገድ የምታውቁበት ዋናው ዘዴ ይህ ነው። ጫማችሁ ቶሎ ጠጣር ነገር ካገኘ አሸዋው ስስ ነው፤ ዱላው ሊነጥር ስለሚችል ተጠንቀቁ። ጥልቅ ብሎ ከገባ ልል ነው፤ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። መቆሚያ መገንባት ግን ሌላ ነገር ነው። በእግር አሸዋ ከምሮ ደረጃ መሥራት አይቻልም።

ተራችሁን ስትጠብቁ ዱላውን ተደግፋችሁ ማረፍ ይቻላል። ሚዛን ስቶ ላለመውደቅ መደገፍም ይቻላል። መለካት፣ ምልክት ማድረግ፣ በደንብ የተፈቀደ ሥራ ስትሠሩ አሸዋውን መንካትም እንዲሁ።

በንዴት አሸዋውን በዱላ መምታትስ? አያስቀጣም። አዎ፣ በግልጽ ተጽፏል። መትታችሁ ኳሷ ግድግዳውን መትታ እግራችሁ ሥር ተመልሳ ስትመጣ ዱላውን አሸዋው ላይ ብታሳርፉት ደንቡ ይረዳችኋል። አብረዋችሁ የሚጫወቱት ላይረዷችሁ ይችላሉ፤ ያ የእናንተ ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሁሉ አንድ ገደብ አላቸው። ድርጊታችሁ ለቀጣዩ ምት የሚጠቅም ለውጥ ካመጣ ነፃ አያወጣችሁም። የኳሷን አቀማመጥ፣ የምትቆሙበትን፣ ዱላው የሚያልፍበትን ወይም ኳሷ የምትሄድበትን መስመር ካሻሻላችሁ ትቀጣላችሁ። ለምሳሌ ከመምታታችሁ በፊት ወደኋላ የተዋችሁትን አሻራ ለሜዳው ብላችሁ ማስተካከል ይቻላል። ያ አሻራ በኳሷ መስመር ላይ ከሆነ ግን ተዉት። መስመሩ የት እንደሚያልቅ መከራከር ከሚያመጣው ራስ ምታት፣ መትቶ ጨርሶ ማስተካከል ይሻላል።

ይህ ገደብ ከባንከር ውጪም ይሠራል። ፓትሪክ ሪድ በታኅሣሥ 2019 ባሃማስ ላይ በተደረገው ሂሮ ወርልድ ቻሌንጅ፣ ባንከር ባልሆነ አሸዋማ ሜዳ ላይ ነበር። እዚያ አሸዋ መንካት ይቻላል። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ለሙከራ ሲያወዛውዝ ከኳሱ ጀርባ ያለው አሸዋ ተጠረገ። ያስቀጣው መንካቱ አልነበረም፤ ቦታው መሻሻሉ ነው። ሁለት ምት።

የሌላ ተጫዋች ምት አሸዋ አፍሶ ኳሳችሁን ቢሸፍንባችሁ ግን ወደ ነበረበት መመለስ ትችላላችሁ። ራሳችሁ ላልፈጠራችሁት ብልሽት ዕዳ የለባችሁም።

ደረጃ 7፦ ከመታችሁ በኋላ

ኳሷ ከባንከሩ ከወጣች ነፃ ናችሁ። አሸዋውን ንኩት፣ ደልድሉት፣ ዱላችሁን ሞክሩበት። ኳሷ ከሜዳው ወሰን ውጪ ወጥታ እዚያው ባንከር ውስጥ ሌላ ኳስ መጣል ቢኖርባችሁም፣ ከመጣላችሁ በፊት የቆፈራችሁትን መደልደል ትችላላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጉድጓዳችሁ ውስጥ ኳስ የመጣል ግዴታ የለባችሁም።

አዲሱ ኳስ አሸዋው ላይ ከተጣለ በኋላ ግን ክልከላዎቹ ይመለሳሉ። የመታችኋት ኳስ ከባንከሩ ሳትወጣ ቀርታ ተመልሳ ብትቆምም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተናዶ ሬኩን ያነሣና የራሱን ጉድጓድ ይደለድላል፤ ኳሷ ግን ወደዚያው ተንከባላ መጥታለች።

ስትጨርሱ አሻራችሁን ሁሉ በሬክ አስተካክሉ። ሬኩን ኳስ በማያደናቅፍበት ቦታ፣ ከባንከሩ ውጪ ማስቀመጡ ይመረጣል።

ደረጃ 8፦ አልመታትም ካላችሁ

ግድግዳው ሥር የተሰነቀረች ኳስ አለች። መምታቱ ሞኝነት ነው። አሸዋ ውስጥ የተቀበረች ኳስ በነፃ አትወጣም፤ የተቀበረ ኳስ ነፃ መፍትሔ ለባንከር አይሠራም። አማራጮቹ እነሆ።

በአንድ ምት ቅጣት፦ ቀድሞ ወደመታችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ መምታት። ወይም እዚያው ባንከር ውስጥ፣ ከባንዲራው በኳሷ በኩል ወደኋላ በሚያልፈው መስመር ላይ መጣል። ወይም ከኳሷ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፣ ወደ ቀዳዳው ሳይቀርብ፣ አሁንም ባንከሩ ውስጥ መጣል። የሚለካው ከፑተር (ኳስ ወደ ቀዳዳው ማንከባለያ ዱላ) በቀር በያዛችሁት ረጅሙ ዱላ ነው፤ ኳሷ የምትጣለው ከጉልበት ቁመት ነው።

በሁለት ምት ቅጣት ደግሞ በዚያው የኋላ መስመር ከባንከሩ ወጥታችሁ መጣል ትችላላችሁ። ይህም በ2019 የመጣ ነው። ባንከር ለሚያስፈራው ጀማሪ ትልቅ ስጦታ ይመስለኛል። አራት ጊዜ አሸዋ ከማረስ ሁለት ምት ከፍሎ ሣር ላይ መቆም ይሻላል።

ባንከሩ ውስጥ ውኃ ከቋጠረ ወይም እንስሳ የቆፈረው ጉድጓድ ካስቸገራችሁ ያለ ቅጣት ትወጣላችሁ፤ ግን የምትጥሉት እዚያው ባንከር ውስጥ ነው። ሙሉ በሙሉ ውኃ ከሆነ ውኃው በጣም ያነሰበትን ቦታ ፈልጉ፤ ወይም አንድ ምት ከፍላችሁ ከኋላ ውጡ።

ከነካችሁስ?

ቅጣቱ ምት በሚቆጠርበት ውድድር ሁለት ምት ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ በሚደረግ ግጥሚያ ደግሞ ያንን ቀዳዳ መሸነፍ ነው።

ለሙከራ ስታወዛውዙ ሦስት ጊዜ ብትነኩ ስድስት ምት አይሆንም። መጣሱን ሳታውቁ ከደጋገማችሁት አንድ ቅጣት ነው። አንዱ ተጫዋች "ነክተሃል እኮ" ካላችሁ በኋላ ብትደግሙት ግን አዲስ ቅጣት ይጨመራል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ሲነካ ካያችሁ ወዲያው ንገሩት። ዝም ብሎ ጠብቆ መጨረሻ ላይ መናገር ወዳጅነት አይደለም።

"የነካሁ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም" የሚል ጥርጣሬ ካደረባችሁ ሁለተኛ ኳስ መጫወት አይጠቅማችሁም፤ ጥያቄው የተደረገውን የሚመለከት ነው። ጨዋታውን ቀጥሉ። አጠገባችሁ የነበሩትን ምን እንዳዩ ጠይቁ፤ የውጤት ካርዱን ከማስረከባችሁ በፊት ለኮሚቴው ንገሩ። መንካታችሁን ጨርሶ ሳታውቁ ካርዱን አስረክባችሁ በኋላ ቢታወቅ ሁለቱ ምቶች ይጨመሩባችኋል እንጂ ከውድድሩ አትባረሩም። እያወቃችሁ ዝም ካላችሁ ግን ትባረራላችሁ።